የእሽቅድድም መሪያችሁ ምን ያህል ይክበድ? ስለ «ፎርስ ፊድባክ» መጠን ማብራሪያ

ለኮምፒውተር የመኪና እሽቅድድም የሚሆን መሪ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። መሪውን ጠረጴዛ ላይ ያስራል፣ ገመዱን ይሰካል፣ ማስተካከያውን ይከፍትና ኃይሉን መቶ ከመቶ ያደርገዋል። ገንዘብ የከፈለበት ነውና ያለውን ሁሉ ይፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትከሻው ይዝላል፤ የዙር ሰዓቱ ከነበረበት ፈቀቅ አይልም፤ መኪናው ኩርባ ላይ ሳያስጠነቅቀው ያመልጠዋል። ጥፋቱን በገዛ እጁ ወይም በዕቃው ያመካኛል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ያቺ አንዲት ቁጥር ላይ ነው።

ምክር ሲጠይቅም የሚያገኘው መልስ «እኔ 65 ላይ ነው የማስቀምጠው» የሚል ነው። የድስቱን መጠን ሳይናገሩ «ሁለት ማንኪያ ጨው ጨምሩ» ማለት ምን ይጠቅማል? የአንዱ 65 የሌላውን ክንድ ሊያዝል፣ የሦስተኛውን ደግሞ ጨርሶ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ከመዋዋሳችን በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚለካ እንይ።

## ፎርስ ፊድባክ ሲባል ምን ማለት ነው?

በርካሽ የሚሸጥ የጨዋታ መሪ ውስጡ ስፕሪንግ ወይም ላስቲክ ነው። ስታዞሩት ወደ መሐል ይመለሳል፤ መኪናው ደረቅ አስፋልት ላይ ይሁን ጭቃ ውስጥ፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ፎርስ ፊድባክ ያለው መሪ ግን ሞተር አለው። ጨዋታው በመኪናው የፊት ጎማዎች ላይ የሚያርፈውን ኃይል በየሴኮንዱ ደጋግሞ ያሰላል፣ ውጤቱን ለሞተሩ ይልካል፣ ሞተሩም መሪውን በዚያው ልክ ይጠመዝዛል። በአማርኛ «የኃይል ምላሽ» ብንለው ያስኬዳል። እጃችን ላይ የሚደርሰው ክብደት ጎማው መንገዱን እንዴት እንደያዘ የሚነግር ወሬ ነው።

የሞተሩ ጉልበት ወደ መሪው የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በጥርሳ ጥርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የተሸጠውና በብዙ ቤት የሚገኘው ሎጂቴክ ጂ29 እንዲህ ያለ ነው። ሁለተኛው በቺንጋ ነው፤ ትረስትማስተር ቲ300ን መጥቀስ ይቻላል። ሦስተኛው ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለው ነው፤ መሪው በቀጥታ ሞተሩ ዘንግ ላይ ይታሰራል፣ በመካከል የሚፋተግ ነገር የለም። ይህ ቀድሞ የባለ ገንዘብ ዕቃ ነበር። ፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጣና ሌሎችም ከተከተሉት በኋላ ግን ብዙ ሰው የሚደርስበት ሆኗል። የመጠን ጥያቄ የገነነውም ከዚህ ወዲህ ነው። በጥርሳ ጥርስ ዘመን አብዛኛው መሪ ደካማ ስለነበር መቶ ከመቶ አድርጎ መቀመጥ የማንንም ክንድ አይጎዳም ነበር።

## መሪው በእጃችን የሚነግረን ምንድን ነው?

ይህን ሳይረዱ መጠን መምረጥ አይቻልምና ጥቂት እንቆይበት።

አየር ማረፊያ ውስጥ የሻንጣ ጋሪ ስትገፉ የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ በራሳቸው ዞረው የምትሄዱበትን አቅጣጫ ይይዛሉ። ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ቀረት ስለሚል ነው። የመኪና የፊት ጎማም እንዲሁ ተደርጎ ይገጠማል፤ መሪውን ስትለቁት ቀጥ የሚለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ጎማ ላስቲክ ነው፤ ኩርባ ላይ ሲጫኑት ይጣመማል፣ መንገዱን አጥብቆ የሚይዝበት ቦታም ከጎማው መሐል ወደ ኋላ ይሸሻል። እነዚህ ሁለት ርቀቶች ተደምረው ጎማውን ወደ ጎን ከሚገፋው ኃይል ጋር ሲባዙ እጃችን ላይ የሚሰማው ክብደት ይሆናል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጎማው የመያዝ አቅሙ ጫፍ ላይ ሲቃረብ ያ ሁለተኛው ርቀት ማጠር ይጀምራል። ስለዚህ ጎማው ገና ሳይንሸራተት መሪው ትንሽ ቀለል ይላል። ልብ በሉ፣ የሚቀለው ከተንሸራተተ በኋላ አይደለም፤ ቀደም ብሎ ነው። ጎበዝ ነጂ በዚያች ቅጽበት መሪውን ሩብ ጣት ያህል ይመልሳል ወይም ነዳጁን ይቀንሳል፣ መኪናውም መስመሩን ሳይለቅ ያልፋል።

የድሮውን የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲ የነዳ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ላዳ ፓወር ስቲሪንግ የለውም። ቆሞ ሲያዞሩት ክንድ ይፈታተናል፣ ሲንቀሳቀስ ይቀላል፣ ኩርባ ላይ እንደገና ይከብዳል። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ አስፋልቱን ባረጠበ ዕለት ደግሞ መሪው በድንገት ባዶ ሲሆን ሾፌሩ ፍሬን ሳይነካ ነዳጁን ይለቃል። ማንም አላስተማረውም፤ መሪው ነግሮት ነው።

## «ኒውተን ሜትር» የሚባለው ምንድን ነው?

የመሪ ሞተር ጉልበት የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ አንዱን ጫፍ አጥብቃችሁ ያዙና ሌላው ጫፍ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር አንጠልጥሉ። የእጅ አንጓችሁ የሚታገለው 9.8 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

መሪ ግን አንድ ሜትር ስፋት የለውም። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 14 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ያው የመጠምዘዝ ኃይል ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይበረታል። ሎጂቴክ ጂ29 ጉልበቱ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ጠርዙ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል እንደማንጠልጠል ይሆናል። የፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ 5 ነው፤ ከፍ ያለውን የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ሲጨምሩለት 8 ይሆናል፣ ይህም ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። ሞዛ አር9 ስሙ እንደሚለው 9፣ አር12 ደግሞ 12 ነው። ከላይኛው ጫፍ ያለው ሲሙኪዩብ 2 አልቲሜት 32 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሪ ላይ ሲታሰብ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተው የመሪው ጠርዝ ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው መሪ 65 ከመቶ ከ1 ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ የመጨረሻው 65 ከመቶ ደግሞ 14 ኪሎ ነው። «65 ላይ አድርገው» የሚለው ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው።

የመሪው ስፋትም ይቆጠራል። 10 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መሪ ላይ ከ7 ኪሎ በላይ ሲሆን፣ በ33 ሳንቲ ሜትር መሪ ላይ ወደ 6 ኪሎ ዝቅ ይላል። ሞተሩን ሳይነኩ መሪውን ብቻ መቀየር ክብደቱን ይቀይረዋል።

## መቶ ከመቶ ማድረግ ምን ክፋት አለው?

የሥጋ ቤት ሚዛን አስቡ፤ እስከ 5 ኪሎ ብቻ የሚመዝን። 4 ኪሎ ስታስቀምጡ 4 ይላል። 5 ስታደርጉበት 5 ይላል። 6 ኪሎ ብትጭኑበትም 5 ነው፣ 9 ኪሎም ቢሆን 5 ነው። ሚዛኑ አልተበላሸም፤ ጫፉ ላይ ስለደረሰ ከዚያ በላይ ያለውን ልዩነት መናገር አይችልም።

የመሪ ሞተርም ጫፍ አለው። ጨዋታው ከዚያ በላይ ሲጠይቀው ጫፉ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ነጂዎች ይህን «ክሊፒንግ» ይሉታል፤ መቆረጥ ማለት ነው፤ ከጫፉ በላይ ያለው ወሬ ተቆርጦ ይጣላል።

አሁን በአንድ ኩርባ ላይ እንየው። ቤልጅየም ውስጥ ስፓ ፍራንኮርሻምፕ የሚባል 7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የእሽቅድድም መንገድ አለ፤ በብዙ ታዋቂ ሲሙሌተር (እውነተኛ መንዳትን በሚያስመስል ጨዋታ) ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከመሐሉ ገደማ ፑኦን የሚባል ኩርባ ይመጣል፤ ቁልቁል እየወረደ በከፍተኛ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ወደ ግራ የሚታጠፍ ረጅም ኩርባ። የሞተራችሁን ጫፍ 100 እንበለው፤ ጨዋታው ውስጥ ያለውን መጠን ከልክ በላይ ከፍ አድርጋችኋል እንበል። መሪውን ወደ ግራ ታስገባላችሁ። ክብደቱ 60 ይሆናል፣ 80፣ 100። ስሌቱ አልቆመም፤ 115፣ 130 ደርሷል። እጃችሁ ግን 100 ላይ ቀርቷል። በዚህ መሐል ትንሽ ፈጥናችሁ ኖሮ የፊት ጎማዎቹ መድከም ጀመሩ፤ ስሌቱ ከ130 ወደ 120፣ ወደ 110 እየወረደ ነው። ቅድም የተነጋገርንባት ያቺ መቅለል ይህች ናት። እጃችሁ ላይ የሚሰማው አሁንም 100 ነው። መሪው እንደ ግንድ ደርቆ ምንም አይናገርም። ስሌቱ ከ100 በታች ወርዶ መቅለሉ ሲሰማችሁ መኪናው ወደ ውጭኛው ጠርዝ ተንሸራትቶ ሄዷል።

ክሊፒንግ ከየትም ቦታ መርጦ የሚመጣው ጎማው በጣም በተጫነበት፣ ማለትም ወሬው ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አይመጣም። ብዙ ሰው «መሪዬ ጠንካራ ነው ግን መኪናው ያመልጠኛል» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው። ጥንካሬው ራሱ ነው ያደነቆረው።

## ማስተካከያው ሁለት ቦታ የሆነው ለምንድን ነው?

አብዛኛው ግራ መጋባት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ማስተካከያ ጨዋታው ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ጌይን» ይባላል። ሌላው የመሪው አምራች የሰጣችሁ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

የሠርግ ድንኳን ውስጥ መራቂው ሽማግሌ ማይክራፎኑን ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው ሲናገሩ ድምፁ ይሰነጠቃል። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ልጅ ድምፁን ቢቀንሰው የተሰነጠቀው ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል እንጂ አይጠራም። መፍትሔው ማይክራፎኑን ከአፋቸው ራቅ ማድረግ ነው። የጨዋታው ጌይን ማይክራፎኑ ነው፤ የአምራቹ ማስተካከያ ድምፅ ማጉያው ነው። ጨዋታው ውስጥ የተቆረጠን ወሬ በአምራቹ ፕሮግራም ብትቀንሱት መሪው ይቀላል፤ የተቆረጠው ግን አይመለስም። ብዙ ሰው «ቀንሼ አየሁት፣ ለውጥ የለውም» ሲል የቀነሰው የተሳሳተውን ቦታ ነው።

## ታዲያ ትክክለኛው መጠን እንዴት ይገኛል?

መጀመሪያ የአምራቹን ፕሮግራም ክፈቱ። ሞተራችሁ ከ8 ኒውተን ሜትር በታች ከሆነ መቶ ከመቶ ይሁን፤ የምታባክኑት ጉልበት የለም። ከዚያ በላይ ከሆነ ለጊዜው ግማሽ ላይ አድርጉት።

ቀጥሎ አንድ መኪናና አንድ መንገድ ምረጡ፤ የለመዳችሁትን። አምስት ስድስት ዙር ንዱና ጎማው ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ጎማ ያነሰ ስለሚይዝ መለኪያችሁን ያሳስታል። አሴቶ ኮርሳም ሆነ አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ የተባሉት ሲሙሌተሮች ስክሪኑ ላይ ከፔዳል ምልክቶቹ አጠገብ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የምታሳይ ቀጭን ዘንግ አላቸው፤ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቀይ ትሆናለች። አይሬሲንግ በተባለው ሲሙሌተር ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለባት ዘንግ አለች፤ ሥራዋ ያው ነው። እየነዳችሁ እሷን ማየት አደገኛ ስለሆነ ዙሩን ቅዱና መልሳችሁ እዩ፣ ወይም አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ይይላችሁ። እኔ ታናሽ ወንድሜን አስቀምጬ «ቀይ!» ባለ ቁጥር የትኛው ኩርባ ላይ እንደሆንን ወረቀት ላይ አስጽፌው ነበር፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የወር ግምት ያልሰጠኝን መልስ ሰጠኝ።

ከዚያ ወረቀቱን አንብቡት። ቀይ የበራችው የመንገድ ጠርዝ ስትረግጡ ወይም ጉብታ ስትመቱ ለብልጭታ ያህል ከሆነ ተዉት፤ እሱን ለማጥፋት ብላችሁ ሌላውን ሁሉ ማቅለል ኪሳራ ነው። እንደ ፑኦን ባለ ረጅም ኩርባ ውስጥ በርታ ከቆየች ግን ጌይኑን በአምስት በአምስት እየቀነሳችሁ እንደገና ንዱ። በጣም ከባዱ ረጅም ኩርባ ላይ ዘንጓ ጫፉን ልትነካ ስትል የምትመለስበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ጌይኑን ተዉት፤ የወሬው ጉዳይ አለቀ።

የቀረው የክንዳችሁ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚስተካከለው በአምራቹ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ መለኪያው የምትነዱት ውድድር ርዝመት ነው። ለአምስት ዙር የተመቸ ክብደት አርባ ደቂቃ ላይ ሌላ ነገር ይሆናል። ክንድ ሲዝል ሰው መሪውን አንቆ ይይዛል፤ አንቆ የያዘ እጅ ደግሞ ያቺን ቀጭን መቅለል አይሰማም። እኔ የምከተለው እንዲህ ነው፦ የውድድሩን ሙሉ ርዝመት እነዳለሁ፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮች መሪውን በጣቶቼ መያዝ ካልቻልኩ አሥር ከመቶ እቀንሳለሁ። ባለ 12 ኒውተን ሜትር ሞተር ይዞ 6 ወይም 7 ላይ መንዳት ብክነት የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ዋናው ወሬው ሳይቆረጥ እጃችሁ መድረሱ ነው እንጂ የሞተሩን ጉልበት ሁሉ መጠቀሙ አይደለም።

አይሬሲንግ የሞተራችሁን ጉልበት በኒውተን ሜትር እንድትነግሩት ይጠይቃል፤ ጥቂት ዙር ከነዳችሁ በኋላ ለመኪናው የሚሆነውን መጠን ራሱ የሚያስቀምጥ ቁልፍም አለው። ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ዝግ ብላችሁ ከነዳችሁ ግን ትልቁን ኃይል ስላላየ ከልክ በላይ ያከብደዋል።

## «እውነተኛ መኪና እንዲህ ይከብዳል» የሚሉትስ?

የትኛው እውነተኛ መኪና? ፎርሙላ 1 ፓወር ስቲሪንግ አለው። ከሥሩ ያለው ፎርሙላ 2 የለውም፤ የአሜሪካው ኢንዲካርም የለውም፤ እነዚህን የሚነዱ ሰዎች ክንዳቸውን የሚያሠለጥኑት በከንቱ አይደለም። በሲሙሌተር ብዙ ሰው የሚነዳቸው ጂቲ3 የሚባሉት፣ ከመንገድ መኪና የተሠሩ የውድድር መኪናዎች ደግሞ ፓወር ስቲሪንግ አላቸው፤ መሪያቸው ብዙዎች እንደሚያስቡት አይከብድም። ከዚህም ሌላ እውነተኛ ነጂ መቀመጫው ሰውነቱን ይገፋዋል፣ ጆሮው ጎማውን ይሰማል፣ ወገቡ መኪናው ሲዞር ያውቃል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይህ ሁሉ የለውም፤ ወሬው ሁሉ በመሪው በኩል ይመጣል። ስለዚህ ከክብደቱ ይልቅ ጥራቱ ይበልጥበታል።

ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ እንደሆነም መናገር ተገቢ ነው። ዊሊያም ባይረን የተባለው አሜሪካዊ ነጂ መንዳት የጀመረው ቤቱ በአይሬሲንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 ዴይቶና 500 የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ የመኪና ውድድር በተከታታይ አሸንፏል። በእንዲህ ያለ ዕቃ የተማረ እጅ እውነተኛ መንገድ ላይ ይሠራል።

## ደካማ መሪ ያለው ሰው ምን ያድርግ?

የጥርሳ ጥርስ መሪ ችግሩ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ነው። ጥርሶቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ትንንሽ ኃይሎች ሰበቃውን ማሸነፍ አቅቷቸው እጅ ሳይደርሱ ይቀራሉ። መሐል አካባቢ መሪው ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ብዙ ሲሙሌተሮች «ዝቅተኛ ኃይል» የሚል ማስተካከያ አላቸው፤ ትንሹን ኃይል ከሰበቃው በላይ ያነሳዋል። ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ቀጥ ባለ መንገድ መሪው በራሱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንድ ደረጃ መልሱት። ዳይሬክት ድራይቭ ያለው ሰው ዜሮ ላይ ይተወው።

እንዲህ ባለ መሪ ትንሽ ክሊፒንግ መቀበል ግድ ነው። ሙሉ በሙሉ ላጥፋው ካላችሁ ቀሪው ወሬ ከመሳሳቱ የተነሳ አይሰማም። ከባዶቹ ሁለት ሦስት ኩርባዎች ላይ ጥቂት ቀይ ይብራ፤ መካከለኞቹ ንጹሕ ይሁኑ።

## እጅ ይጎዳል ወይ?

ጠንካራው ይጎዳል፤ ይህን በቀላሉ መውሰድ አይገባም። ግጭት ሲመጣ ጨዋታው በቅጽበት ትልቅ ኃይል ይልካል፣ መሪው ይሽከረከራል፤ በመሪው ክንዶች መሐል የገባ አውራ ጣት ያኔ ይያዛል። አውራ ጣታችሁን ጠርዙ ላይ አሳርፉ እንጂ ወደ ውስጥ አትጠምጥሙ። መጋጨታችሁ አይቀሬ ሲሆን እጃችሁን ከመሪው ላይ አንሱ፤ እውነተኛ ነጂዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጠንካራ ሞተር ኃይሉን የሚቆርጥ የአደጋ ማጥፊያ ቁልፍ ካለው ሳትነሡ በምትደርሱበት ቦታ አስሩት። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ስትነሡ ሞተሩን አጥፉት። ተራ ጠረጴዛም ከ8 ኒውተን ሜትር በላይ አይችልም፤ መወዛወዝ ሲጀምር ወሬውን ጠረጴዛው ይበላዋል፣ መሪውን ብታከብዱት የሚብሰው መወዛወዙ ነው። ብሎኑን ከማጥበቅ ይልቅ በብረት የተሠራ መቀመጫ ማሠራት ይሻላል፤ ሰፈር ያለ ብረት ቤት ልኬቱን ከሰጣችሁት ይበይድላችኋል።

መኪና በቀየራችሁ ቁጥርም ጌይኑ ይለወጣል። አሴቶ ኮርሳ ለእያንዳንዱ መኪና ለብቻው እንድታስተካክሉ ይፈቅዳል፤ ከቁጥር ሰሌዳው የመደመርና የመቀነስ ቁልፎች በመንዳት ላይ ሳላችሁ ይሠራሉ። ከጂቲ3 ወርዳችሁ ክንፍ ያለው ፓወር ስቲሪንግ የሌለው መኪና ላይ ስትወጡ ያው ኩርባ እጅግ ይከብዳል፤ ንጹሕ የነበረችው ዘንግም ቀይ ትሆናለች። ወንድማችሁን እንደገና ጥሩት፣ ወረቀቱንም ያምጣ።